ወረርሽኝና ቡና፦ ከጎጃም ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በቡና ልማትና ግብይት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሠራሁ በመሆኔ፣ ኮቪድ-19 በቡና ላይ ስላደረሰው ጉዳትና ስለ ቡና የወደፊት ዕጣ ለጠየቃችሁኝ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ወረርሽኙ በገባበት ዓመት የቡና ንግዳችን ወድቆ ነበርን?

መልስ፦ የውጭ ንግዱ አልወደቀም። በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የዓመቱ ቡና ተለቅሞ አብቅቶ ስለነበር ወረርሽኙ የደረሰው በማሳው ላይ ሳይሆን በገበያው ላይ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ካፌዎች ሲዘጉ ሰዉ ቡና መጠጣቱን አልተወም፤ ከሱቅ እየገዛ በቤቱ ያፈላ ጀመር። በዚህም ለካፌ ብቻ ያቀርቡ የነበሩ ቆይዎች (ቡና ቆልተው የሚሸጡ ድርጅቶች) ክፉኛ ሲጎዱ፣ ለሱፐርማርኬት የሚያቀርቡት ሽያጫቸው አደገ። ኢትዮጵያ በ2012 በጀት ዓመት ከቡና ከ850 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያገኘች ሲሆን፣ ገቢው በ2014 ወደ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ጀበና ቡና እየሸጥኩ የምተዳደር ነኝ። ላኪው ካልተጎዳ እኛ ለምን ተጎዳን?

መልስ፦ እህቴ፣ የእርስዎ ሥራ የቆመው በሰው መሰብሰብ ላይ ስለሆነ ነው። ከምናመርተው ቡና ግማሽ ያህሉ እዚሁ የሚጠጣ ቢሆንም፣ ከአራት ሰው በላይ እንዳይሰበሰብ ሲታወጅ፣ ከአቦል እስከ በረካ በአንድ ረከቦት ዙሪያ ተቀራርቦ የሚቀመጠው ደንበኛ ቀረ። በመጋቢት ወር መጨረሻ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ጥሊሊ ሲዘጉ ደግሞ መንገደኛውም አብሮ ቀረ፤ የቤት ኪራዩ ግን አልቀረም። ላኪው የባንክ ብድር አለው፤ የጀበና ቡና ሻጭ ግን የዕለት ገቢዋን ለዕለት ወጪዋ የምታውል ናት። ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ ድጋፉ ከእነዚህ ሴቶች መጀመር እንዳለበት አጥብቄ አምናለሁ።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ በኋላ ዋጋው የናረው በወረርሽኙ ምክንያት ነውን?

መልስ፦ በከፊል ነው። የመርከብ ኮንቴይነር እጥረት ወጪውን አንሮታል፤ ዋናው ምክንያት ግን ከዓለም ቀዳሚ ቡና አምራች የሆነችውን ብራዚልን በሐምሌ 2013 የመታት ውርጭና ከዚያ በፊት የነበረው ድርቅ ነው።

ጥያቄ (ከዘጌ)፦ ገዳማቱን ሊያይ የሚመጣው ጎብኚ ሲቀር ቡናችንን የሚገዛ ታጣ። ለወደፊቱ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ቡና እንደ ቲማቲም በሳምንት የሚበሰብስ ምርት ስላልሆነ፣ ገበያ ሲዘጋ በርካሽ ለመሸጥ አትቸኩሉ። በመሬት ላይ ሳይሆን ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ በሚገባ አድርቁት፤ ሳይፈለፈል በጀንፈሉ (ከደረቀ ቅርፊቱ ጋር) እንዳለ፣ ከግድግዳና ከወለል አርቃችሁ በርብራብ ላይ ብታስቀምጡት ለወራት ይቆያል። ገዢያችሁም ጎብኚ ብቻ አይሁን፤ በማኅበር ሆናችሁ ከባሕር ዳር ቆይዎች ጋር ውል ብትይዙ ይሻላል።

ከሌላ ወረርሽኝ ይልቅ የሚያሰጋኝ የሙቀቱ መጨመርና የዛፎቹ እርጅና ነው። ለሙቀቱ የዋንዛውና የብርብራው ጥላ ትልቅ መከላከያ ነውና አትንኩት። ያረጀውን ቡና ግን ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት፣ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ጎንድሉት፤ ውኃ እንዳይቋጥር ቁርጡ ሰያፍ ይሁን፤ ከሚያቆጠቁጡት ቀንበጦች ጠንካሮቹን ሁለት ወይም ሦስት ብቻ አስቀሩ። የተጎነደለ ዛፍ ሁለት ዓመት ያህል ፍሬ ስለማይሰጥ፣ ቤተሰብ እንዳይቸገር በየዓመቱ ከማሳው አንድ ሦስተኛውን ብቻ ጎንድሉ።