የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቻርሊ ቻንን ማን ተጫወተው?

ጥያቄ፦ የወጣቶች የፊልም ክበባችን የጥቁርና ነጭ ዘመን የሆሊውድ መርማሪ ፊልሞችን የሚያሳይ ምሽት ሊያዘጋጅ ነው። ገሚሱ አባል «ቻርሊ ቻንን መጀመሪያ የተጫወቱት እስያውያን ናቸው፤ ከእነሱ እንጀምር» ሲል ሌላው «ቻንን የተጫወተው ነጭ ነው» ብሎ ይከራከራል። ማን ልክ ነው? ምን እናሳይ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ከመጀመሪያዎቹ እንጀምር ማለቱ ግን አያስኬድም። ቻን የሆኖሉሉ ፖሊስ የሆነ ቻይናዊ መርማሪ ነው፤ የፈጠረው ደራሲ ኧርል ደር ቢገርስ ነው። በ1926 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጃፓናዊው ጆርጅ ኩዋ፣ በ1927 ጃፓናዊው ሶጂን ካሚያማ፣ በ1929 ደግሞ ኢ. ኤል. ፓርክ ተጫውተውታል። የ1926ቱ ባለ አሥር ክፍል ተከታታይ ፊልም ሲሆን ቻን እዚያ አጃቢ ነው። በ1929ኙማ ብቅ የሚለው ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ነው። የኩዋም የሶጂንም ፊልሞች ጠፍተዋል፤ ብትፈልጉም አታገኟቸውም።

በ1931 የፊልም ኩባንያው ፎክስ ቻንን ዋና ባለታሪክ ሲያደርገው ሚናውን ለስዊድን ተወላጁ ዋርነር ኦላንድ ሰጠ። ኦላንድ 16 ፊልም ሠርቶ በ1938 ሲሞት ሲድኒ ቶለር 22፣ ሮላንድ ዊንተርስ 6 ጨመሩ። በእነዚህ 44 ፊልሞች ውስጥ ቻንን የተጫወተ አንድም እስያዊ የለም። ለቻይናውያን የተረፈው የልጆቹ ሚና ነበር፤ ኪ ሉክም ከ1935 ጀምሮ የበኩር ልጁን ተጫውቷል።

እናንተ ማሳየት ያለባችሁ ራሱ ኪ ሉክ መርማሪ ሆኖ የመራውን፣ በ1940 በሞኖግራም የተሠራውን «የቻይናታውን መንፈስ» ነው። ሉክ እዚያ የሆነውን መርማሪ ሚስተር ዎንግን ከዚያ በፊት አምስት ጊዜ የተጫወተው እንግሊዛዊው ቦሪስ ካርሎፍ ነበር። ስቱዲዮው ድሃ ስለነበር መድረኩ ጠባብ፣ ቀረጻውም የችኮላ ነው፤ ሉክን ለማየት ግን ይበቃል። ከእሱ በፊት የ1937ቱን «የሻንጋይ ልጅ» አስቀድሙ፤ ቻይናዊት አሜሪካዊቷ አና ሜይ ዎንግ ትመራለች፣ ኮሪያዊ አሜሪካዊው ፊሊፕ አን የመንግሥት መርማሪ ነው። መጨረሻ ላይ ለጋብቻ ሲጠይቃት ልብ በሉ፤ እስያዊ ወንድና ሴት በፍቅር የሚጨርሱበት ፊልም በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር። ሁለቱ ፊልሞች በአንድ ላይ ሁለት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይፈጃሉ።

ጥያቄ፦ እስያዊት ሴት መርማሪስ ነበረች? (ከአንኮበር)

መልስ፦ በቴሌቪዥን፣ አዎ። በ1951 አና ሜይ ዎንግ የሥነ ጥበብ ነጋዴ የሆነች መርማሪ ሆና በዱሞንት ጣቢያ ተከታታይ ድራማ መርታለች። ከክፍሎቹ የተረፈ የለም።

ጥያቄ፦ ለአሮጌ ፊልም የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ሠርተን ነበር። በአንዱ ኮምፒውተር ሳጥን ሳጥን፣ በሌላው የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ሲስተካከልም ወደ ፊልሙ መጨረሻ ከንግግሩ ይለያያል። (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ሳጥኑ የፊደል ቅርጽ እጦት ነው፤ በፊልም ማጫወቻው በቪኤልሲ የግርጌ ጽሑፍ ምርጫ ውስጥ ኒያላ ወይም ኢብሪማ የተባለውን የፊደል ቅርጽ ምረጡ። የጥያቄ ምልክቱ ግን የሚመጣው ኖትፓድ ላይ የአማርኛ ፊደል በማይይዘው የፋይል ማስቀመጫ ዓይነት፣ በ«አንሲ»፣ ስታስቀምጡ ነው። ያን ጊዜ ፊደሉ ራሱ ስለጠፋ ፋይሉን መልሶ ማዳን አይቻልም፤ ከዋናው ቅጂ እንደገና በ«ዩቲኤፍ 8» አስቀምጡ።

መለያየቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል ከሆነ በቪኤልሲ የጂ እና የኤች ቁልፎች ያስተካክሉታል፤ አንድ ጊዜ ሲጫኑ 50 ሚሊሰከንድ ያንቀሳቅሳሉ። እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ግን የቅጂው ፍጥነት ነው፦ ጽሑፉ በሰከንድ 24 ምስል ለሚሄድ ቅጂ ተሠርቶ እናንተ የምታሳዩት ባለ 25 ከሆነ፣ በአንድ ሰዓት ፊልም ላይ ልዩነቱ ወደ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይደርሳል። ቁልፉ አይረዳም። በግርጌ ጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ንግግር ሰዓት አስገቡ፤ መሀሉን ራሱ ያከፋፍለዋል። ቀጥሎ የምትሠሩት ከሆነ ደግሞ በምታሳዩት ፍላሽ ላይ ባለው ቅጂ ላይ ሥሩ፣ በአንድ ጊዜም ከሁለት መስመር አትለፉ።