ኮሪያ ውስጥ ከአልኮል ሱስ ለሚያገግሙ ሴቶች የሚሰጥ የቀን ሕክምና፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። በሙያዬ ነርስ ነኝ። ትምህርቴን ሴዑል ቀጥዬ፣ ላለፉት አምስት ዓመታት ከአልኮል ሱስ የሚያገግሙ ሴቶች ቀን ቀን በሚሰበሰቡበት ማዕከል እየሠራሁ ነው። ስለ ሥራዬ ጥቂት ብናገር ጥያቄው ስለበዛ አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው። የሴቶቹን ገመና አደራ ስለተቀበልኩ ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር አልጠቅስም።

«የቀን ሕክምና» ስትይ ምን ማለትሽ ነው? ተኝቶ ከመታከም በምን ይለያል?

ጠዋት ትመጣለች፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። አልጋ የለም፣ የሚቆለፍ በር የለም። ኮሪያ ውስጥ ሆስፒታሎች ራሳቸው የሚሰጡት አለ፤ እኔ የማወራው ግን በየከተማውና በየወረዳው ስላሉት የሱስ ማዕከላት ነው። እነዚህ በ2000 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) የአልኮል ምክር መስጫ ሆነው ተጀመሩ። በ2014 ቁማርን፣ አደንዛዥ ዕፅንና ኢንተርኔትን ጨምረው ስማቸው ተቀየረ። ዛሬ በመላ አገሪቱ ከ50 ያላነሱ ናቸው። ምክሩና የቡድን ውይይቱ በነፃ ነው። አንዲት ሴት ገብታ «መጠጥ አስቸግሮኛል» ካለች የሚቀበላት ሰው አለ።

እህቴ ለአንድ ቀን እንኳ ሳትጠጣ ከዋለች እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ያልባታል። በቀጥታ እንዲህ ዓይነት ቦታ ትግባ?

አይሆንም፣ እባክሽ። መጀመሪያ ሆስፒታል። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ መቀባዠርና ከፍተኛ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ይገድላል። ሐኪም ዘንድ መድኃኒት እየተሰጣት፣ ቫይታሚን ቢ1 እየተሞላላት ይለፍ። እኛ የምንቀበለው ከዚያ በኋላ ነው። «በጠበልና በጸሎት ቤት ትቀመጥ» የሚሏችሁ ዘመዶች ካሉ ጸሎቱን አትከልክሉ፤ ግን እነዚያን ቀናት ያለ ሐኪም አታሳልፏት።

ለምን ሴቶች ብቻ? ሱስ ሱስ ነው፤ ወንድና ሴት አብረው ቢታከሙ ምን አለበት?

ከሁሉም በላይ መመለስ የምፈልገው ይህን ነው።

ኮሪያኖች ቤቷ ውስጥ ተደብቃ ለምትጠጣ ሴት «ኪችን ድረንከር» የሚል ስም አላቸው፤ ማድ ቤት ጠጪ እንደማለት ነው። ስሙ ራሱ ችግሩን ይናገራል። ወንዱ ከአለቃውና ከባልደረቦቹ ጋር ሲጠጣ የሥራው አካል ተደርጎ ይታያል። ሴቲቱ ግን ባሏ ሥራ ከሄደ፣ ልጆቿ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ብቻዋን ትጠጣለች። ጠርሙሱን ሩዝ ማስቀመጫ ውስጥ ትቀብራለች፣ ባዶውን ጎረቤት እንዳያይ ሌላ ሰፈር ወስዳ ትጥላለች። ስትያዝ «ጠጪ» ብቻ አትባልም፤ «ምን ዓይነት እናት ነሽ» ትባላለች።

አንዲት እናት ወንዶች በሚበዙበት ቡድን ሦስት ወር ተቀምጣ ስለ አማቷ ብቻ ነበር የምታወራው። ሴቶች ብቻ ካሉበት ቡድን ስትገባ በመጀመሪያው ቀን «የልጄን የልደት ቀን ሰክሬ ረሳሁት» ብላ አለቀሰች። ከጎኗ ያለችው «እኔም» አለች፣ ቀጥላም ሌላዋ። ይህ «እኔም» መድኃኒት ነው ብዬ አምናለሁ። ወንዶች ባሉበት ሲወጣ አላየሁም፤ በተለይ ባሏ የደበደባት ወይም በልጅነቷ የተደፈረች ሴት ወንድ ፊት አፏን አትከፍትም። እንዲህ ያሉት ደግሞ ጥቂት አይደሉም።

የሰውነት ጉዳይም አለ። የሴት ሰውነት የሚይዘው ውኃ ስለሚያንስ ያው መጠጥ ደሟ ውስጥ በብዛት ይከማቻል። ጉበቷ ቶሎ ይጎዳል፣ መጠጣት ከጀመረችበት ሱስ እስከሚይዛት ያለውም ጊዜ ከወንድ ያጥራል። ስለዚህ ዘግይታ ጀምራ ቶሎ ትወድቃለች።

በእርግጥ ሴቶቹ ያን ያህል ብዙ ናቸው?

በ2021 በተደረገው አገር አቀፍ የአእምሮ ጤና ጥናት፣ በሕይወት ዘመናቸው የአልኮል ሱስ ወይም አላግባብ መጠጣት ያጋጠማቸው ወንዶች 17.6 በመቶ፣ ሴቶች 5.4 በመቶ ነበሩ። ባለፈው አንድ ዓመት ብቻ ሲጠየቅ ግን ወንዶች 3.4፣ ሴቶች 1.8 በመቶ። ልዩነቱን ልብ በሉት፦ ከሦስት እጥፍ በላይ የነበረው ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ወርዷል። ወደ እኛ የምትመጣው ሴት ቁጥር ግን በዚያ ልክ አልጨመረም። የት እንዳለች ነግሬያችኋለሁ፤ ማድ ቤት ነች።

ሶጁ የሚባለው የኮሪያ አረቄ ቀላል መጠጥ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ድሮ አልነበረም። በ1924 የአልኮሉ መጠን 35 በመቶ ነበር፤ በ1965 30፣ በ1973 25፣ አሁን 16 አካባቢ ደርሷል። በ2015 ደግሞ ፍራፍሬ የተጨመረበት ጣፋጭ ሶጁ መጣ። ለስላሳ በሆነ ቁጥር ሴቶች ይበልጥ ይደፍሩታል፤ ግን አንዷ አረንጓዴ ጠርሙስ፣ 360 ሚሊ ሊትሯ፣ ወደ 45 ግራም ንጹሕ አልኮል ትይዛለች። በትንሿ ብርጭቆ ሰባት ጊዜ ስለሚቀዳ «ትንሽ ነው የጠጣሁት» ለማለት ይመቻል። ሌሊቱን ሙሉ ክፍት የሆነ ሱቅ ደግሞ በየመታጠፊያው አለ።

ኮሪያኖች ሲጠጡ ፊታቸው የሚቀላው ለምንድን ነው? ከሱስ አይጠብቃቸውም?

ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ አልኮሉ ተሰባብሮ የሚፈጠረውን መርዝ ቶሎ የማያስወግድ ዘር ይዞ ይወለዳል። ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይመታል። አንዳንዱን ይጠብቀዋል፤ እየቀላ በግድ የሚጠጣውን ግን ለጉሮሮ ካንሰር ይበልጥ ያጋልጠዋል።

ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠሩ ትውላላችሁ?

በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 9 ነው። ሰዓቱ የተመረጠው ልጅ ካደረሱ በኋላ መጥተው ልጅ ከመመለሱ በፊት እንዲደርሱ ነው። መጀመሪያ ሁሉም «ትናንት እንዴት አመሻችሁ?» ተብለው ይናገራሉ። ጠጥታ ያደረችም ትናገራለች። ከዚያ ስለ ሱስ ትምህርት፣ የቡድን ውይይት፣ አንዳንድ ቀን ሥዕል ወይም እንቅስቃሴ። ምሳ አብረን እናበስላለን። ምሳውን እንደ ትርፍ ነገር የሚያዩት አሉ፤ እኔ ግን ለመጠጥ መደበቂያ የነበረውን ማድ ቤት መልሳ የራሷ የምታደርገው እዚያ ነው እላለሁ። ቢላዋ ይዛ ሽንኩርት ስትከትፍ ከጎኗ ሌላ ሴት ትቆማለች።

ከመጠጥ መታቀብን «ዳንጁ» ይሉታል። «ዳንጁ ስንት ቀን ሆነሽ?» ማለት የሰላምታ ያህል ነው።

መድኃኒት አለ?

አለ። ናልትሬክሰንና አካምፕሮሴት ኮሪያ ውስጥ በሐኪም ይታዘዛሉ፤ አምሮቱን ያቀልላሉ። ብቻቸውን ግን አይበቁም።

ባሎችና አማቶች ምን ይላሉ? ባሏ አስገድዶ ሊያስገባት ይችላል?

ድሮ በጣም ቀላል ነበር። በ2016 ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ ሰውን ያለፈቃዱ የሚያስተኛው የቀድሞ አንቀጽ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይጣጣም ወሰነ። ከግንቦት 2017 ወዲህ የሁለት ተንከባካቢ ቤተሰቦች ጥያቄና የሁለት የተለያዩ ተቋማት የአእምሮ ሐኪሞች ስምምነት ያስፈልጋል። ይህ ለሴቶቹ ጠቅሟል። ለቀን ሕክምና ማስገደድ ጭራሽ የለም።

ስለ ባሎች እውነቱን ልናገር። ባል ሲጠጣ ሚስት ለዓመታት ትታገሠዋለች፤ ሚስት ስትጠጣ ግን ባሎች ፈጥነው ሲሄዱ አይቻለሁ። ስለዚህ ለቤተሰብ የምንሰጠውን ትምህርት እንደ ሴቲቱ ሕክምና አድርጌ ነው የማየው። አንድ ባል በመጀመሪያው ቀን ቁጭ ብሎ «ልቀጣት ነው የመጣሁት» አለ። በአራተኛው ሳምንት የቤቱን መጠጥ በሙሉ ራሱ አውጥቶ ጣለ።

በዓላት እንዴት ያልፋሉ?

እጅግ የሚከብደን ወቅት ነው። በሶላል (በጨረቃ አቆጣጠር አዲስ ዓመት) እና በቹሶክ (የመኸር በዓል) ለቀደሙ አያቶች «ጄሳ» የሚባል ሥርዓት ይደረጋል፤ ምግብ ይደረደራል፣ መጠጥ ይቀዳል። በሥርዓቱ ማብቂያ የተሠዋውን መጠጥ ቤተሰቡ ይጠጣል፤ «ኡምቦክ» ይባላል። በረከት መቀበል ነውና እምቢ ማለት ይከብዳል፤ ለምራቲቱማ ይበልጥ። ሁለት ቀን ሙሉ በአማት ቤት ስታበስል ቆይታ፣ ደክሟት፣ ብርጭቆው ወደ እሷ ይመጣል። ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀድመን ምን ብላ እንደምትመልስ እንለማመዳለን። አንዷ «መድኃኒት እየወሰድኩ ነው» ማለትን መረጠች፤ እውነትም ነበር። ሌላዋ ባሏን አሳምና ብርጭቆዋን እሱ እንዲቀበልላት አደረገች።

ብትወድቅና ብትጠጣ ትባረራለች?

አትባረርም። ሰክራ ከመጣች ያን ቀን በሰላም ወደ ቤት እንሸኛታለን፣ ሐኪም ካስፈለጋት እንወስዳታለን፣ በማግሥቱ ወንበሯ ይጠብቃታል። ከመጠጡ ይልቅ የሚያስፈራኝ ጠጥታ አፍራ መቅረቷ ነው። ለዚህ ነው ያልመጣችን ሴት በዚያው ቀን የምንደውልላት። ራሷን ስለማጥፋት ካወራች ደግሞ የሚደወልበት 109 አለ፤ ከጥር 2024 ጀምሮ በመላ ኮሪያ አንድ ቁጥር ሆኗል። ባሏ የሚደበድባት ከሆነ ወደ 1366 ይደወላል።

ኮሪያ የምኖር ሐበሻ ነኝ። እኔም መምጣት እችላለሁ?

ነይ፣ እህቴ። ከሐምሌ 2019 ወዲህ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የሚኖር የውጭ ዜጋ በጤና መድን ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ የሆስፒታሉን ክፍል በመድንሽ ታገኛለሽ። ቋንቋው ይከብድሻል፤ ይህን አልደብቅሽም፣ የቡድን ውይይቱ በኮሪያኛ ነው። ስለዚህ የምታምኛትን አንድ ጓደኛ ለመጀመሪያው ቀን ይዘሽ ነይ። ለሰፈር ሰው እንዳይወራ ብለሽ ብቻሽን አትቅሪ።

ለመጨረሻ፦ ለሚያገግሙት ከሁሉም የሚከብደው ሰዓት የቱ ነው?

ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት አካባቢ፣ ከእኛ ወጥታ ቤቷ ስትደርስ። ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ ልጁ ገና ነው፣ ራት አልተጀመረም። ድሮ ጠርሙሱ የሚወጣው በዚያ ሰዓት ነበር። ስለዚህ ሴቶቹ ራሳቸው አንድ ነገር ፈጠሩ፦ ጫማቸውን ሳያወልቁ ለአንዷ ይደውላሉ። ለራት ምን እንደሚሠሩ ይነጋገራሉ፣ ሌላ ምንም የለም። ሩዙ እሳት ላይ እስኪጣድ ስልኩ አይዘጋም።