ጥያቄና መልስ፦ የኔፓሉ ርዕደ መሬትና ከዚያ በኋላ የሆነው

ባለፈው ሳምንት «ስለ ኔፓሉ ርዕደ መሬት የምትፈልጉትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ከጠበቅሁት በላይ መጣ። ለማታውቁኝ፣ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። አደጋው ከደረሰ ከሁለት ዓመት በኋላ ለሥልጠና ሄጄ፣ ጎርካ በሚባለው አካባቢ ቤት እንደገና ሲሠራ ጥቂት ሳምንታት አይቻለሁ። ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ነገሩን አስታውሰን። እኔ ብዙም ትዝ አይለኝም።

አይፈረድብህም። ቀኑ ቅዳሜ ሚያዝያ 17፣ 2007 ነው። በዚያው ሰሞን ሊቢያ ውስጥ የተገደሉት ወገኖቻችን መርዶ መጥቶ አገሩ በሙሉ ሐዘን ላይ ነበር። የኔፓልን ዜና የሚያይ ዓይን ማን ነበረው?

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው በመጠን 7.8 የሆነ ርዕደ መሬት ባርፓክ ከምትባል የተራራ መንደር ሥር ተነሣ። ባርፓክ ከዋና ከተማዋ ከካትማንዱ በስተሰሜን ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ስንጥቁ እዚያ አልቆመም። እንደ ዚፕ ወደ ምሥራቅ እየተከፈተ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደ፤ ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ግንቦት 4 ደግሞ 7.3 የሆነ ሌላ መጣና የተሰነጠቀውን ጨረሰው። በአጠቃላይ ወደ 9,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ቤት ፈረሰ።

የሚገርማችሁ፣ እነሱም እንደ እኛ የራሳቸው ዘመን አቆጣጠር አላቸው። ያኔ 2072 ዓመታቸው ነበር፤ አዲስ ዓመታቸውን ካከበሩ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላም።

ግማሽ ሚሊዮን ቤት ፈርሶ የሞተው 9,000 ብቻ እንዴት ሊሆን ቻለ?

«ብቻ» የምትለዋን ቃል ትንሽ ብትከብደኝም ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልሱ ሰዓቱ ነው። ቅዳሜ እዚያ የዕረፍት ቀን ነው፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ወደ 7,000 ትምህርት ቤቶች ፈርሰዋል ወይም ክፉኛ ተጎድተዋል። አርብ ቢሆን ኖሮ ብላችሁ አስቡት። ገበሬው ደግሞ በቀትር እርሻ ላይ ነው። ቤት የቀሩት በአብዛኛው ሽማግሌዎች፣ ሕፃናትና ምጣድ ላይ የነበሩ ሴቶች ናቸው።

ሌሊት ቢሆን ምን ይመጣ እንደነበር ለማወቅ ብዙ መሄድ አያስፈልግም። ጥቅምት 2016 በምዕራብ ኔፓል ጃጃርኮት በሚባል ተራራማ አካባቢ እኩለ ሌሊት ሊደርስ ሲል መሬት ተንቀጠቀጠ። ከ2007ቱ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ግን ሰው ተኝቶ ነበር። ከ150 በላይ ሰው ሞተ። ቤቶቹም ያው ድንጋይና ጭቃ ናቸው።

የእኛ የመተሃራውም 6.0 ነበር። 6 እና 7.8 ያን ያህል ይለያያሉ?

በጣም። ቁጥሩ እንደ ቴርሞሜትር በእኩል እርምጃ አይሄድም። አንድ ቁጥር ሲጨምር የሚለቀቀው ኃይል 32 እጥፍ ገደማ ይሆናል። 7.8 ከ6.0 በ500 እጥፍ ገደማ ይበልጣል።

ዓይነቱም ለየቅል ነው። ሂማላያ የግጭት ቦታ ነው። የሕንድ ምድር በዓመት 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ እየገፋ ከኔፓል ሥር ይገባል። መንገዱ ላይ ተይዞ ለአሥርት፣ አንዳንዴም ለመቶ ዓመታት ይቆይና በድንገት ይለቀቃል። በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ ካትማንዱ ሙሉ ከተማዋ አንድ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ተነሣች።

የእኛ ስምጥ ሸለቆ ተቃራኒው ነው፤ መሬቱ እየተለያየ ነው የሚሄደው፣ በዓመት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ። በ2017 ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ ያየነው ደግሞ ከሥር የቀለጠ አለት መንገድ እየፈለገ ሲሰነጥቀው ነው። ለዚያ ነው አንድ ትልቅ ምት ሆኖ ከማለፍ ይልቅ ለወራት የተደጋገመው። የካቲት 7 የመጣው 6.0 ትልቁ ነበር። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነሥቷል።

ግን እኛ ጋ አይገድልም ማለት አይደለም። በ1953 ካራቆሬ አካባቢ የደረሰው ማጀቴ የምትባለውን ከተማ አፍርሷታል። በ1961 ደግሞ አፋር ውስጥ ሰርዶ ላይ ሰው ሞቷል።

ካትማንዱ ያረጀች፣ የተጨናነቀች ከተማ ናት ይባላል። እንዴት ጨርሳ አልጠፋችም?

ይህን ጥያቄ የጠየቀችው የአርክቴክቸር ተማሪ ናት መሰለኝ። ከተማዋ የተሠራችው በደረቀ ጥንታዊ ሐይቅ አፈር ላይ ነው። ሁላችንም የፈራነው ያን አፈር ነበር። በ1926 የደረሰው ታላቅ ርዕደ መሬት ከተማዋን እንዳልነበረች አድርጓት ነበርና።

በ2007 ግን መሬቱ ቶሎ ቶሎ አልነዘረም። እንደ ጀልባ ቀስ ብሎ ረጅም ነው የተወዛወዘው። ሁለትና ሦስት ፎቅ ያለው ቤት በዚህ ዓይነት ውዝዋዜ ብዙ አይረበሽም፤ ረጅም ሕንፃ ግን ይረበሻል። ዳራሃራ የሚባለው ነጭ ማማ፣ የከተማዋ ምልክት፣ ሰው ውስጡ እያለ ወደቀ። አጠገቡ ያሉ ዝቅተኛ ቤቶች ግን ቆመው ቀሩ። ዕድል ነው። ዕድሉ የደረሰው ለከተማዋ ነው፤ ዱላው ተራራው ላይ አረፈ። ሲንዱፓልቾክ በሚባል አንድ አውራጃ ብቻ ከ3,000 በላይ ሰው ሞቷል።

ላንግታንግ የምትባል መንደር በአንድ ጊዜ ጠፋች የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ላንግታንግ ከቲቤት ድንበር አጠገብ ያለች ሸለቆ ናት፤ ተራራ የሚወጡ ፈረንጆች ይበዙባታል። ርዕደ መሬቱ ከላይ ያለውን በረዶና አለት አራገፈው። ናዳው መንደሯን ቀበራት። ናዳው ራሱ ያልነካውን ደግሞ ከፊቱ የገፋው ነፋስ ጠራርጎ ወሰደው። የሸለቆው ማዶ ያለው ጫካ በአንድ አቅጣጫ ተጋድሞ ነበር። ከነዋሪውና ከእንግዳው ከ300 በላይ ሰው ሞተ። ቋጥኝ ተንተርሳ የተሠራች አንዲት ቤት ብቻ ቆማ ተገኘች።

ዜናው ግን በአብዛኛው የኤቨረስት ነበር። እዚያም በረዶ ወርዶ ወደ ሃያ ሰው ገድሏል፣ ያሳዝናል። ነገር ግን ካሜራው የነበረው እዚያ ስለሆነ ዓለም ያየው ኤቨረስትን ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

እርዳታው ለምን ዘገየ? ሄሊኮፕተር አልነበረም?

ነበረ፣ ጥቂት። አገሪቱ ያኔ የነበራት ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ነበር፤ መንደርደሪያውም አንድ። የእርዳታ አውሮፕላን ሲጎርፍበት አስፋልቱ መሰነጣጠቅ ጀመረና ትላልቆቹ እንዳያርፉ ተከለከሉ። ከካትማንዱ ወዲያ ያለው መንገድ ደግሞ በናዳ ተዘግቷል። ደመና ሲወርድ ሄሊኮፕተርም አይነሣም።

ታዲያ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ምን አደረገ መሰላችሁ? በቅሎና ተሸካሚ ቀጠረ። ተራራ ወጪዎችን ጓዝ እየተሸከሙ የሚኖሩ፣ ቱሪስት ስለጠፋ ሥራ የፈቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሩዝና ቆርቆሮ ተሸክመው ወጡ። የተዘጋውንም የእግር መንገድ ራሳቸው ጠገኑት። ሰሜን ተራሮች ግርጌ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ አይደንቀውም።

ከፍርስራሽ ሰው ያወጡት የውጭ ቡድኖች ናቸው አይደል? ውሾች ይዘው የመጡት።

አይደለም። በደርዘን የሚቆጠሩ ቡድኖች መጡ፤ በሕይወት ያወጡት ሰው ግን ከሃያ አይበልጥም። እነሱ ሲደርሱ ጊዜው አልፏል። የቀረውን ያወጣው ጎረቤት ነው፣ በእጁና በዶማ፣ እንዲሁም የአገሬው ጦርና ፖሊስ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የካትማንዱ ነባር ሕዝብ፣ ኔዋሮች፣ «ጉቲ» የሚባል ማኅበር አላቸው። አንዱ ዓይነት ሥራው ሬሳ ማንሣትና መቅበር፣ ወይም በእነሱ ደንብ ማቃጠል ነው። እድር በሉት። ገጠር ደግሞ «ፓርማ» አለ፤ ዛሬ እኔ ለአንተ፣ ነገ አንተ ለእኔ እየተባለ የሚሠራ እርሻ። ወንፈል ማለት ነው። አስጎብኚያችን ሲያስረዳኝ «ይገባኛል፣ ቀጥል» አልኩት። አላመነኝም።

ዶላሩስ? የት ገባ?

ለጋሾች ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ቃል ገቡ። ቃል መግባትና መስጠት ግን ይለያያሉ። መልሶ ግንባታውን የሚመራው መሥሪያ ቤት ሥራ የጀመረው አደጋው በደረሰ በስምንተኛው ወር ነው። በመሀል አዲስ ሕገ መንግሥት ጸደቀ፣ ተቃውሞ ተነሣ፣ የሕንድ ድንበር ለወራት ተዘጋ። ነዳጅና ጋዝ ጠፋ። ሰዉ ያን የብርድ ወራት በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ በረዶ ላይ አሳለፈ።

ኋላ ላይ ለአንድ ቤተሰብ 300,000 የኔፓል ሩፒ፣ ወደ 3,000 ዶላር፣ እንዲሰጥ ተወሰነ። በሦስት ዙር ነው። መጀመሪያ 50,000፤ መሠረቱ ወጥቶ መሐንዲስ ሲያየው 150,000፤ ግድግዳው አልቆ ሲታይ 100,000። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ብሩን ከጥሩ አሠራር ጋር ያስራል። ችግሩ ብሩ አነስተኛ ነው፣ የእንጨቱና የሲሚንቶው ዋጋ ደግሞ ሰማይ ነክቷል። ስለዚህ ብዙ ሰው መስፈርቱን የምታሟላ አንዲት ክፍል ሠርቶ ብሩን ተቀበለ። ሰባት ሰው አንዲት ክፍል ውስጥ? አይሆንም። ስለዚህ ተመልሶ የተሰነጠቀው አሮጌ ቤት ውስጥ ገባ፤ አዲሷን እህል ማስቀመጫ አደረጋት። በዓይኔ ያየሁት ይህን ነው። ጥፋቱን በገበሬው ላይ አልጭንም።

እኔ ያለሁት ዓረብ አገር ነው። አብራኝ የምትሠራ ኔፓላዊት ነበረች። ያኔ ቤቷ ፈርሶ አሠሪዎቿ «የት ትሄጃለሽ» ብለው ከለከሏት። ብዙዎቹ እንዲህ ነበሩ?

አዎ እህቴ፣ ብዙዎቹ። የኔፓል መንግሥትም ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ያሉ ዜጎቹ ለቅሶ እንዲደርሱ ፈቃድ እንዳላገኙ በይፋ ቅሬታ አቅርቦ ነበር። ከአገሪቱ ገቢ ሩብ ያህሉ ውጭ ያለ ሰው የሚልከው ገንዘብ ነው። ጎልማሳው ስለሌለ ፍርስራሹን የቆፈሩት አባቶችና እናቶች ናቸው። ቤቱን መልሶ ያቆመውም በብዛት ከዓረብ አገር የተላከ ብር ነው። ያቺን ልጅ ካገኘሻት ሰላም በይልኝ።

ልጄ፣ እኔ የምለው ይህ ሁሉ የፈጣሪ ቁጣ አይደለም ወይ?

እናቴ፣ እግዜር ያክብርልኝ። በእርሱ ሥራ ገብቼ ልናገር አልደፍርም። የማውቀውን ብቻ ልንገርዎ። አንድ መንደር ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቤቶች አይቻለሁ። የአንዱ ግድግዳ ዙሪያውን በእንጨት ታስሯል፣ የሌላው አልታሰረም። የታሰረው ቆሟል። የሁለቱም ባለቤቶች እኩል ይጸልያሉ።

ታዲያ የድንጋይና የጭቃ ቤት ይቅር ነው የምትለው? ላስታና ሰሜን ሸዋ ያለው ሰው ምን ይሥራ?

ይቅር አልልም። መጀመሪያ ግን እንለያቸው። ማገርና ወጋግራ ያለው የእኛ የጭቃ ቤት ቀላል ነው፤ ይለመጣል፣ ቶሎ ሰው ላይ አይወርድም። የሚያስፈራው በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ ነው። ግንቡ ከውጭ አንድ፣ ከውስጥ አንድ ፊት አለው፤ መሀሉ በጭቃና በስብርባሪ ድንጋይ ይሞላል። ሲናወጥ ሁለቱ ፊቶች ይላቀቃሉ። የኔፓሉ ላይ ደግሞ ጣሪያው ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ ይወርዳል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። በየጥቂቱ ግንቡን ከፊት እስከ ኋላ የሚያቋርጥ ረጅም ድንጋይ አስገባ። ማዕዘኑ ላይ ድንጋዮቹ ይቆላለፉ። ከመስኮቱ ሥርና ከበሩ በላይ ዙሪያውን የሚዞር ማሰሪያ ይኑር፣ በእንጨት ወይም በፌሮና በኮንክሪት። ከተማ ያለ ግንበኛ «ቶፕ ታይ ቢም» የሚለው ነው። ከላይ ያለው ሦስት ማዕዘኑ የግድግዳ ክፍል ድንጋይ አይሁን፤ ቆርቆሮ ወይም ጣውላ ይሁን። ጣሪያውም ቆርቆሮ ይሁን፤ አያምርም፣ ግን አይገድልም። ባርፓክ ውስጥ አሁን የምታየው ሰማያዊ ቆርቆሮ ነው። ለፎቶ የሚሄዱ ሰዎች ይከፋቸዋል።

እንስሳት ቀድመው ያውቃሉ ይባላል።

ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ የሚናገር የለም፤ ሰውም፣ ውሻም፣ ቲክቶክም።

ኔፓል ላይ ሌላ ይመጣል?

ይመጣል። ከካትማንዱ በስተምዕራብ ያለው ክፍል ትልቁን ኃይሉን ካራገፈ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል። መቼ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ከላይ መልሻለሁ።

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። የመተሃራው ጊዜ በፒጃማ ደረጃ ወረድኩ። ልክ ነኝ?

መሬቱ እየተንቀጠቀጠ ደረጃ ላይ መሮጥ ጥሩ አይደለም፤ ሰው የሚጎዳው እዚያ ነው። ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግባ፣ ጭንቅላትህን ሸፍን፣ የጠረጴዛውን እግር ያዝ። ከመስኮትና ከቁም ሳጥን ራቅ። ሲቆም በደረጃ ውረድ፣ ሊፍት ካለም አትንካው። ምድር ቤት በር አጠገብ ካለህና ቤቱ የድንጋይ ግንብ ከሆነ ግን ውጣ። ስለ ፒጃማው አትጨነቅ፤ እኔ በነጠላ ጫማ፣ ያውም አንዱን እግር ብቻ አድርጌ ነበር የወረድኩት። ቁም ሳጥኔን ግድግዳው ላይ ያሰርኩትም በማግስቱ ነው።