የወንድሜን ሕመም ልጻፈው ወይስ ልተወው?

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

የምጽፍልዎት ከጅማ ነው። እዚሁ ቆጪ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ የ26 ዓመት ሴት ነኝ። በሳይኮሎጂ ከተመረቅሁ አራት ዓመቴ ነው፤ አሁን በአንድ የግል ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ሆኜ እሠራለሁ። አማካሪ ይበሉኝ እንጂ የጠዋቱ ሥራዬ ያረፈዱ ልጆችን ስም መመዝገብ ነው።

ዘንድሮ አሜሪካ ላሉ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ለክሊኒካል ሳይኮሎጂ ዶክትሬት ላመለክት ተነሥቻለሁ። ትራንስክሪፕቱም የእንግሊዝኛ ፈተናውም አልቋል። አልወጣልኝ ያለው ስለ ራስ የሚጻፈው ድርሰት ነው።

ታላቅ ወንድሜ እኔ 10ኛ ክፍል ሳለሁ ታመመ። ሌሊት አይተኛም፤ ለብቻው ያወራል። አባዬ «ጂኒ ነው» ብሎ ሼኽ ዘንድ ወሰደው፤ ቁርአን አስቀራንለት። ሆስፒታል የደረሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ መድኃኒቱን እየወሰደ አጎታችን ቡና መጋዘን ይሠራል፣ አልሐምዱሊላህ። ድርሰቴ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለ እሱ ነው። ጓደኛዬ አንብባ አለቀሰች። ያስተማረኝ መምህር ግን «አውጪው፣ ይጎዳሻል» አለኝ።

እሱን ካወጣሁ ምን ይቀረኛል ጋሼ? የመመረቂያ ጽሑፌ እንደሁ ተራ ነገር ነው። ስለ ድብርት መጠይቅ በትኜ መልሱ ተበላሸብኝ። አንዲት የሂርማታ ገበያ ነጋዴ «ዝናብ ሲጥል ገበያ ስለሌለ ይደብረኛል» ብላ ከፍተኛውን ነጥብ ሞላችልኝ። እንደ እሷ ያሉት ብዙ ስለነበሩ እንደገና ቤት ለቤት ዞሬ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ምን ማለታቸው እንደሆነ ስጠይቅ ክረምቱ አለቀ። እባክዎ ይምከሩኝ። ድርሰቱን አያይዤ ልኬልዎታለሁ።

ግራ የገባኝ፣ ከጅማ

---

ልጄ፣

ድርሰትሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጓደኛሽ ማልቀሷ አይገርመኝም፤ እኔም ሼኹ ደጅ ያደራችሁበት ሌሊት ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ወጣ ብዬ ተመለስኩ። ግን አንቺን የምትቀበለው ጓደኛሽ አይደለችም።

መምህርሽ ያለው ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ድሩ አፕልቢና ካረን አፕልቢ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ የሳይኮሎጂ ድህረ ምረቃ ተማሪ የሚመርጡ ኮሚቴዎችን ሰብሳቢዎች የአመልካችን ዕድል ምን እንደሚያበላሽ ጠይቀው ነበር። የራስን የአእምሮ ሕመም መተረክ፣ ከልክ ያለፈ ገመና መዘርገፍ፣ ሰው ለመርዳት ያለን ፍላጎት ማብዛት ከመልሶቹ መካከል ነበሩ። ሕመምን እናጠናለን የሚሉ ሰዎች ሕመም ሲነገራቸው ፊት ማዞራቸውን አልወድላቸውም። ያንቺ የወንድምሽ ነውና ያንኑ ያህል አይከብድም፤ ቢሆንም እወቂው።

ምክንያቱ ግን ክፋት ብቻ አይደለም። ምርምር ላይ ካተኮሩት የዶክትሬት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ የትምህርት ክፍያውን ችለው፣ ለኑሮም እየከፈሉ አምስት ስድስት ዓመት ያቆዩሻል። በምላሹ ከአንድ ፕሮፌሰር ሥር ሆነሽ ምርምር ትሠሪላቸዋለሽ። ስለዚህ አንባቢሽ የሚያስበው «ምን ደረሰባት?» ብሎ ሳይሆን «ምን ማወቅ ትፈልጋለች? ከእኔ ጋር ይሆንላታል ወይ?» ብሎ ነው።

እኛ ደግሞ ማመልከቻ የተማርነው ፍርድ ቤት በር ላይ ከሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች ነው። ችግር በችግር ላይ ይደረደራል፣ ከዚያ «እንዲተባበሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ»። ድርሰትሽ እንግሊዝኛ ይሁን እንጂ አጥንቱ ራፖር ነው። «ዕድሉን ከሰጣችሁኝ አላሳፍራችሁም» ብለሽ የዘጋሽውን አንቀጽ ዛሬውኑ ሰርዢው።

አሁን የተናደድኩበትን ልንገርሽ። «ተራ ነገር» ያልሽውን ነው። የተጠቀምሽበት መጠይቅ ፒኤችኪው-9 መሆኑን ድርሰትሽ ውስጥ በአንዲት መስመር ጠቅሰሽ አልፈሻል። ዘጠኝ ጥያቄ፣ ያለፉት 2 ሳምንታት፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ። ስንቱ ቁጥሩን ደምሮ፣ ሰንጠረዥ አስገብቶ ይመረቃል! አንቺ ግን ነጋዴዋ «ይደብረኛል» ስትል ሕመም ማለቷ ነው ወይስ ሥራ መፍታት ብለሽ ቆምሽ፤ በዝናብ ተመልሰሽ ሄድሽ። ይህ የተበላሸ መልስ አይደለም። በአንድ ቋንቋ የተሠራ መለኪያ በሌላው ቋንቋ ያንኑ ነገር ይለካል ወይ የሚለው ጥያቄ በሙያሽ ውስጥ ሰው ዕድሜውን የሚሰጥበት ነው፤ አንቺ ማንም ሳያዝዝሽ ገብተሽበታል።

ወንድምሽም እዚሁ ላይ ይገናኛል። እናንተ ቤት የሕመሙ ስም ጂኒ ነበር፤ ሆስፒታሉ ሌላ ስም አለው። ከአንዱ ስም ወደ ሌላው ለመሻገር ሁለት ዓመት ፈጀ። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፊና በቀጥታ ወደ ሂርማታ ውረጂ። አባትሽንም አታሳጪያቸው፤ ያላቸውን አድርገዋል። የተረፈው ቦታ ለነጋዴዋ፣ ሁለተኛ ዙር ስትሄጂ ለለወጥሽው አጠያየቅ፣ ወደፊት ልታጠኚው ለምትፈልጊው ጥያቄ ይሁን። ያረፈዱትን ልጆች መመዝገቡንም አትናቂው፤ ደጋግሞ የሚያረፍድ ልጅ ቤቱ ምን እንዳለ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

የመጨረሻው አንቀጽ ለሦስቱም ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓይነት እንዳይሆን። የየፕሮፌሰሩን የቅርብ ጊዜ ጽሑፎች አንብቢ፤ ዘንድሮ ተማሪ ይወስዱ እንደሆነም በአጭር ኢሜይል ጠይቂ። የማመልከቻ ክፍያው ከከበደሽ እንዲነሣልሽ መጠየቅም ነውር የለውም።

ማመልከቻው የሚዘጋበትን ቀን በእኛ አቆጣጠር ቀይሪና ግድግዳ ላይ ለጥፊው፤ ለምሳሌ ዲሴምበር 1 ኅዳር 21 ወይም 22 ላይ ይውላል። በአሜሪካ ምሥራቅ ሰዓት 11፡59 ማታ የሚዘጋው ጅማ ላይ በማግስቱ ጠዋት በእኛ ሰዓት 1፡59 ነው። በዚያ ሰዓት መብራት እንደማይጠፋ ዋስ የሚሆንሽ የለምና በዋዜማው ላኪው።

አንድ ነገር ግን በደብዳቤሽም በድርሰትሽም ፈልጌ አጣሁ፦ ወንድምሽን ጠይቀሽዋል? ታሪኩ የእሱ ነው። ከመጋዘን ሲመለስ ቡና አፍልተሽ፣ የጻፍሽውን በአማርኛም በኦሮምኛም አንብቢለት። አይሆንም ካለሽ ሁለቷንም ዓረፍተ ነገር አውጪያቸው፤ ነጋዴዋ ትበቃሻለች።