ለአባትሽ ካሴት፦ ፒቹን አትንኪው፣ ፍጥነቱን መልሺው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። አባትሽ በሠርግ ላይ ማሲንቆ እየገዘገዙ ያዜሙበት ካሴት ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ድምፃቸው ቀጥኖ የልጅ ድምፅ መሰለ፤ ፒቹን (የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት) ዝቅ ስታደርጊው ማሲንቆው ይንቀጠቀጣል፤ ወንድምሽም ሊለማመድበት ፈልጎ አልሆነለትም። «ፒች ሦስት ቀንሺና ጨርሺ» ብለው የመለሱልሽን ሰዎች አትስሚያቸው። የአያቴ ካሴት እዚሁ ጎንደር ውስጥ ሊጠፋ የነበረው በዚሁ አሠራር ነው።

ያንቺም እንደኔው በባትሪ ድንጋይ የተቀዳ ነው ብዬ ልነሳ። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር እንዲሄድ ነው የተሠራው። ድንጋዩ ሲደክም ሞተሩ ይዘገያል፤ ክሩ በዝግታ እያለፈ ይቀዳል። ያንኑ ካሴት በኋላ በደህና ቴፕ ስታጫውቺው ክሩ በትክክለኛ ፍጥነቱ ይሄዳል፤ ስለዚህ ዜማው ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል። የተበላሸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፍጥነቱ። ፒቹና ቴምፖው (የዜማው አካሄድ ፍጥነት) አብረው ከፍ ስላሉ አብረው ነው መውረድ ያለባቸው።

1. ኦዳሲቲ የሚባለውን የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ክፈቺና ከኢፌክቶቹ ውስጥ «ቼንጅ ስፒድ ኤንድ ፒች» የሚለውን ምረጪ። «ቼንጅ ፒች» አይደለም፣ «ቼንጅ ቴምፖ»ም አይደለም። ሦስቱ ጎን ለጎን ስለተቀመጡ ብዙ ሰው አንድ ይመስሉታል። የመጀመሪያው ልክ ክሩን በዝግታ እንደ ማጫወት ነው፤ ድምፁን የትም ቦታ አይቆርጠውም። ሁለቱ ግን አንዱን ይዘው ሌላውን ለመቀየር ሲሉ ድምፁን በሺህኛ ሰከንድ ወደሚለኩ ቁርጥራጮች ይከፋፍሉትና እያደራረቡ ይሰፉታል። ለማዘግየት አንዳንዱን ቁራጭ ይደግሙታል፣ ለማፍጠን ይጥሉታል። አንድ ሰው ብቻውን ሲናገር ብዙም አይታወቅም። የሠርግ ቅጂ ላይ ግን የማሲንቆው የፈረስ ጭራ፣ ጭብጨባው፣ ከበሮውና እልልታው በአንድ ላይ ስላሉ ስፌቱ አይገጥምም። አንዱ ጭብጨባ ሁለት ጊዜ ይሰማል፤ ማሲንቆውም አንቺ እንዳልሽው ይንቀጠቀጣል። ሌላም ዘዴ አለ፤ ፌዝ ቮኮደር ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ፍላናጋንና ጎልደን የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች ያቀረቡት ነው። እሱ ደግሞ ድምፁን በሞገድ በሞገድ ለያይቶ ይዘረጋዋል፤ ለተሳበ ድምፅ ጥሩ ሆኖ ሳለ የከበሮውን ምት ያደበዝዘዋል።

ይህን ሁሉ ቁጭ ብዬ ያነበብኩት በንዴት ነው። ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ ገንዘቡን በቅድሚያ ተቀብሎ የአያቴን ካሴት ገለበጠልኝ። ስሰማው አያቴ አይደሉም። እዚያ የሚሠራው ልጅ ከጆሮው ማዳመጫውን እንኳ ሳያወርድ «ጋሼ፣ የድሮ ካሴት እኮ እንደዚህ ነው» አለኝ። አይደለም ስለው በግምት ፒቹን ሦስት ግማሽ ድምፅ (ፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት አንድ ግማሽ ድምፅ ነው) አወረደው። ድምፁ ወፈረ፤ ሠርገኛው ግን አሁንም እንደሚሮጥ ሰው ያጨበጭባል። ይህንንም ስነግረው ቴምፖውን 16 በመቶ ያህል ቀነሰው። በቁጥር ካየሽው ሁለቱ ተደምረው ፍጥነት ከመቀነስ ጋር እኩል ናቸው። በጆሮ ግን ያ ድምፅ ሁለት ጊዜ ተከትፎ ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል፤ ያውም ተጨምቆ ከጎደለ የኤምፒስሪ ፋይል ላይ። ዋናውን ቅጂ ስጠኝ ብለው አጥፍቶታል። ካሴቱን ሲመልስልኝ ክሩ ተጨማድዶ ከቅርፊቱ ወጥቷል። «ያረጀ ነው፣ ምን እናድርግ» ብሎ ወደ ሥራው ዞረ። አንድ ቤተሰብ ያለውን ብቸኛ ድምፅ የሚቀበል ሰው እንዲህ መመለስ አልነበረበትም፤ ዛሬም ይቆረቁረኛል። ክሩን በእስክሪቢቶ ቀስ አድርጌ መልሼ ጠቀለልኩትና የሰፈር ሰው ቴፕ ተውሼ ራሴ ገለበጥኩት። እኔ ከስቱዲዮ ሥራ ጋር የሚያገናኘኝ ነገር የለም፤ ግን ከእነሱ የተሻለ ወጥቷል።

2. ስንት ልቀንስ ለሚለው በጆሮ አትገምቺ። ማሲንቆ መለኪያ አይሆንም፤ ተጫዋቹ ጭራውን ለራሱ ድምፅ አመቻችቶ ነው የሚወጥረው። በቅጂው ውስጥ ዋሽንት ካለና ያው ዋሽንት ቤታችሁ ከተገኘ ግን ትልቅ ነገር ነው፣ ቀዳዳው አይለወጥምና ነፍተሽ አስተያዪው። እኔን ያዳነኝ የመብራት ጉርምርምታ ነው። የኛ አገር መብራት 50 ሄርዝ ነው፤ ዳስ ውስጥ ሞንታርቦ ከነበረ ጉርምርምታው በ50 ወይም በ100 ሄርዝ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ማንም የማይዘፍንበትን ጸጥ ያለ ቦታ መርጠሽ «ፕሎት ስፔክትረም» በይ፣ የትኛው ሄርዝ እንደጎላ በሥዕል ያሳይሻል፤ መጠኑን 65536 አድርጊው፣ በትንሹ ከተውሽው ሄርዞቹ ተጨፍልቀው አይለዩም። እኔ ሁለት ጉብታ አየሁ፤ አንዱ 100 ላይ፣ አንዱ 112 ላይ። 100 ላይ ያለው ስገለብጥ ከቴፑ የገባ የዛሬ መብራት ነው። 112ቱ ግን የዚያ ሌሊት ነው። 100ን ለ112 ስታካፍይ 0.893 ይሆናል፤ «ስፒድ መልቲፕላየር» የሚለው ሳጥን ውስጥ እሱን ጻፊ። ይህ ወደ ሁለት ግማሽ ድምፅ ነው እንጂ ልጁ እንደገመተው ሦስት አይደለም። በሱ ሥራ አያቴ ከራሳቸው የሚበልጥ ደረት ያላቸው ሰው ሆነው የነበረው ለዚህ ነው። በ0.893 ያወጣሁትን እናቴ ገና በመጀመሪያው ስንኝ «አባዬ ነው» አለች።

ሠርጉ በጄኔሬተር ከነበረ ይህን መንገድ ተዪው፣ ጄኔሬተር ሄርዙን አይጠብቅም። ያኔ ዘፈኑን ሳይሆን በመሃል የሚያወሩትን ሰዎች ስሚ፤ የምታውቂው ሰው አነጋገር ይመራሻል። ለአንድ ግማሽ ድምፅ 0.944፣ ለሁለት 0.891፣ ለሦስት 0.841 እየሞከርሽ አወዳድሪ። ሙከራውን ሁሌ ከዋናው ቅጂ ጀምሪ እንጂ በተቀየረው ላይ አትደርቢ። በመቶኛ ለምትሠሪም፣ በ6 በመቶ የፈጠነ ድምፅ 6 በመቶ ስትቀንሺለት አይመለስም፤ 5.66 ነው የሚቀነሰው።

3. ድንጋዩ ሌሊቱን ሙሉ እየደከመ ስለሚሄድ የካሴቱ መጀመሪያና መጨረሻ አንድ አይሆኑም። የኔው መጨረሻው ላይ ይበልጥ ቀጥኖ ነበር። ኦዳሲቲ «ታይም ትራክ» የሚባል አለው፤ መስመሩን በነጥብ እያጠፍሽ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ትለውጫለሽ፣ ፒቹም አብሮ ይሄዳል። ሲከፈት ክልሉ ከ90 እስከ 110 በመቶ ብቻ ስለሆነ ታችኛውን ወደ 80 አውርጂው። ጉርምርምታውን በየአምስት ደቂቃው ለክተሽ ነጥቦቹን አስቀምጪ። ይህን ከተጠቀምሽ የላይኛውን ኢፌክት አትድገሚ።

አንድ አቀናባሪ ደግሞ «ኖታውን በአውቶቲዩን ላስተካክለው» ብሎኝ ነበር። እምቢ በይ። ፍጥነትም ሆነ ፒች ስትቀይሪ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት አብሮ ስለሚሄድ ባቲው ባቲ፣ አምባሰሉም አምባሰል ሆኖ ይቀራል። አውቶቲዩን ግን እያንዳንዱን ድምፅ እየጎተተ ፒያኖ ላይ ያስቀምጠዋል። አባትሽ አንቺሆዬን የተጫወቱት በጆሯቸው ነው፤ ከፒያኖ የሚለይ ድምፅ ሁሉ ስህተት አይደለም፣ ቅኝቱ ራሱ ነው። ይህን አጥፍቶ «አጸዳሁልሽ» የሚልሽ ሰው አባትሽን ነው የሚያጠፋብሽ።

ለወንድምሽ ልምምድ ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚህ ላይ ፒቹ ሳይነካ ቴምፖው ብቻ መዘግየት አለበት፤ ያለዚያ ማሲንቆውን ከሱ ጋር ሊያስማማው አይችልም። የተስተካከለውን ፋይል በቪኤልሲ ማጫወቻ ከፍቶ ፍጥነቱን 0.8 ያድርገው፣ ፒቹን ራሱ ይጠብቅለታል። አዲስ ፋይል ማውጣት አያስፈልግም። ከ0.7 በታች ከወረደ መንቀጥቀጡ ይመለሳል፣ የቀስቱም አጀማመር አይለይም። ለሱ ድምፅ እንዲስማማ ዜማውን ከፍ ዝቅ ማድረግ ከፈለገ አንድ ወይም ሁለት ግማሽ ድምፅ ይበቃዋል። ከዚያ ካለፈ የሰው ጉሮሮና የማሲንቆው ቆዳ የራሳቸው ድምፀት ስላላቸው ሁሉም አብሮ ተጎትቶ የሌላ ሰው፣ የሌላ ማሲንቆ ይሆናል። ሪፐር የሚባለው የድምፅ ፕሮግራም ላይ ኤላስቲክ ፕሮ የሚባለው አማራጭ ፎርማንቱን፣ ማለትም ይህንኑ የራስ ድምፀት፣ ለብቻው ይዞ ይጠብቃል፤ ለአንድ ድምፅ ጥሩ ነው፣ ለሠርግ ሁካታ ግን ብዙ አትጠብቂበት።

ያለሽ ኤምፒስሪ ብቻ ከሆነ ይህን ሁሉ አትጀምሪ። ካሴቱ አሁንም ገልባጮቹ ቤት ካለ ነገ ጠዋት ሄደሽ ውሰጂው፤ ነገ ዛሬ ቢሉሽም እዚያው ቆመሽ ተቀበይ። የቴፑን ጭንቅላት በአልኮልና በጥጥ ጥረጊ፣ ካሴቱን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አሽከርክረሽ መልሺው፣ ከዚያ በዌቭ፣ ማለትም ድምፁ ሳይጨመቅ፣ ቅጂው። ዋናውን ቅጂ ምንም ሳትነኪ ሁለት ቦታ አስቀምጪ። ደህና ቴፕ ካጣሽ ኋላ የገዛሁት እኔ ጋ አለ፤ አዘዞ ነኝ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ካሴቱን ይዘሽ ነይ፣ አብረን እንገለብጠዋለን። ክፍያ የለውም።