የ12 ወር ደመወዝ ወስጄ ልውጣ ወይስ 25 ዓመቴን ልሙላ?

ጥያቄ፦ ጅማ ባለ አንድ የመንግሥት ልማት ድርጅት ቅርንጫፍ በሒሳብ ሠራተኛነት 24 ዓመት አገልግያለሁ። ዕድሜዬ 52፣ ደመወዜ 16 ሺህ ብር ነው። ድርጅቱ መዋቅሩን እየቀየረ ስለሆነ «በፈቃዱ ለሚለቅ ሠራተኛ የ12 ወር ደመወዝ እንከፍላለን፤ ቅጹን በ15 ቀን ውስጥ ሞልታችሁ አስገቡ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፏል። ኃላፊያችን ደግሞ በቃል «ያልፈረመ በኋላ በቅነሳ ባዶ እጁን ይወጣል» ብለውናል። የሠራተኛ ብድር ቀሪ ዕዳም አለብኝ። ባለቤቴ ጅማ ዩኒቨርሲቲ በአስተዳደር ሠራተኛነት ይሠራል፤ እዚያም እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል እየተባለ ነው። ምን ይሻለኛል? (ከሂርማታ፣ ጅማ)

መልስ፦ ቅጹን አሁን ባለበት ሁኔታ አይፈርሙት። ክፍያው ትንሽ ስለሆነ አይደለም። ከ12 ወር ደመወዝ በጣም የሚበልጥ ገንዘብ የተንጠለጠለው በቀረችዎት አንድ ዓመት ላይ ስለሆነ ነው።

የልማት ድርጅት ሠራተኛ የጡረታ መብት የሚወሰነው በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው። መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። 25 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ግን በፈቃዱም ቢለቅ አበሉን ከ55 ዓመቱ ጀምሮ ያገኛል። እርስዎ ዛሬ በ24 ዓመት ከወጡ እስከ 60 ዓመትዎ መጠበቅ ግድ ሊሆንብዎት ነው። በ53 ዓመትዎ 25ቱን ሞልተው ቢወጡ ግን የሚጠብቁት 2 ዓመት ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። አበሉ የሚሰላው ከመልቀቅዎ በፊት ባሉት 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው፤ ለስሌት እንዲመች አማካዩን 16 ሺህ እንበል። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰባል። በ24 ዓመት 47.5 በመቶ፣ ማለትም በወር 7,600 ብር ይሆናል። በ25 ዓመት 48.75 በመቶ፣ ማለትም 7,800 ብር ነው። የ200 ብሩ ልዩነት ብዙም አይደለም። ከ55 እስከ 60 ያሉት 60 ወራት ግን በ7,800 ሲባዙ 468,000 ብር ናቸው። የቀረበልዎት የ12 ወር ደመወዝ 192,000 ብር ነው።

እሱም ቢሆን ሁሉም ስጦታ አይደለም። የእርስዎ ሥራ የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የውል ግዴታ የሌለበት ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ሲለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ። ለ24 ዓመት 8 ወር ከ20 ቀን ያህል፣ ወደ 138,667 ብር ይመጣል። በቅነሳ ከወጡ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርበትና ወደ 170,667 ብር ይደርሳል። በዚያ ላይ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ አለ። ስለዚህ «ባዶ እጁን ይወጣል» የተባለው ከሕጉ ጋር አይገናኝም። ሰውን አስፈራርቶ ማስፈረምም ተገቢ አይደለም። ኃላፊው ያሉትን በጽሑፍ እንዲሰጡዎት በደብዳቤ ይጠይቁ፤ የደብዳቤዎን ቅጂ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርገው ይያዙ።

ቅነሳው ራሱም ኃላፊው እንደፈለጉ የሚያደርጉት ነገር አይደለም። አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር መመካከር አለበት፤ የተሻለ ችሎታና ምርታማነት ያላቸው ይቆያሉ። በዚህ እኩል ከሆኑት መካከል ቀድሞ የሚወጣው አገልግሎቱ አጭር የሆነው ነው። ከዚያ የጥገኞች ብዛት ይታያል። የ24 ዓመት ሠራተኛ በዚህ ተራ መጀመሪያ ላይ አይገኝም። ስለዚህ የሥራ አፈጻጸም ውጤቶችዎን ቅጂ አሁኑኑ ይሰብስቡ፤ በኋላ ከማኅደር ማውጣት ያስቸግራል።

ታዲያ ምን ያድርጉ? መጀመሪያ የጡረታ አገልግሎትዎን ያረጋግጡ። «24 ዓመት ሠርቻለሁ» ማለትና «ለ24 ዓመት የጡረታ መዋጮ ተከፍሎልኛል» ማለት የተለያዩ ናቸው። በጊዜያዊነት ወይም በኮንትራት የተጀመረ ሥራ ብዙ ጊዜ በጡረታ አይቆጠርም። የቋሚነት ደብዳቤዎንና መጀመሪያ ሲቀጠሩ የሞሉትን የሕይወት ታሪክ ቅጽ ያውጡ፤ የልደት ቀንዎ የሚያዘው በዚያ ቅጽ ላይ እንደሰፈረው ነው። ከዚያ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር የአገልግሎት ዘመንዎን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልዎት ይጠይቁ። ይህ ሳይደረግ የተፈረመ ቅጽ ብዙ ሰው ጎድቷል።

25ቱ አለመሙላቱ ከተረጋገጠ ለድርጅቱ «ቅናሹን እቀበላለሁ፤ የምለቅበት ቀን ግን 25 ዓመቴን ከሞላሁ በኋላ ይሁን» ብለው ይጻፉ። እምቢ ካሉና መውጣት የግድ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። ወደ ግል ድርጅት ተዛውረው መዋጮው ከቀጠለ (አሠሪው 11 በመቶ፣ እርስዎ 7 በመቶ) አገልግሎቱ ከበፊቱ ጋር ይደመራል። በጅማ ብዙ የቡና ነጋዴዎችና የግል ኮሌጆች የሒሳብ ሰው ይቀጥራሉ። ነገር ግን አሠሪው ለጡረታ የተመዘገበና መዋጮውን በየወሩ ገቢ የሚያደርግ መሆኑን ሳያዩ አይግቡ።

ለመፈረም ከወሰኑ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ቃል ወሳኝ ነው። «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ብቻ የሚል ወረቀት ላይ አይፈርሙ። በስምምነት የሚደረግ መለያየት በጽሑፍ ካልሆነ ሠራተኛውን አያስገድድም፤ ሠራተኛው በሕግ ያለውን መብት መተዉም ውጤት የለውም። ይሁን እንጂ በስምምነት መለያየት የስንብት ክፍያ ከሚያስገኙት ምክንያቶች ዝርዝር ውስጥ ስላልተጠቀሰ፣ የ12 ወሩ ገንዘብ ከሕጋዊው ስንብት በተጨማሪ ነው ወይስ እሱን ያጠቃለለ የሚለው በግልጽ ይጻፍ። ያልተወሰደ የዓመት ዕረፍት ክፍያም ለብቻው ይቀመጥ። የስንብት ገንዘብ ግብር ይከፈልበታል፤ ከፍተኛው መጣኔ 35 በመቶ ነው። ስለዚህ እጅዎ የሚገባውን የተጣራ ገንዘብ ፋይናንስ ክፍሉ አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳይዎት። የብድሩ ቀሪ ከክፍያው ላይ ባንዴ ይቆረጥ ወይስ በየወሩ ይከፈል የሚለውም ይወሰን። አለበለዚያ ዋሶችዎ ይጠየቃሉ።

ርክክብዎንና ክሊራንስዎን ከመልቀቂያው ቀን በፊት ይጨርሱ፤ በተለይ ሒሳብ ሠራተኛ ያልተወራረደ ሰነድ ካለባት ክፍያዋ እዚያው ይቆማል። ውል ሲቋረጥ ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት፤ ያለ በቂ ምክንያት ከዘገየ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊጨምርልዎት ይችላል። ከሥራ መውጣት የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር፣ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ደግሞ በ3 ወር ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ በማለፉ) ይታገዳል። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። በጅማ ፍርድ ቤት አቤቱታው በአፋን ኦሮሞ ስለሚቀርብ የአማርኛ ሰነዶችዎን አስቀድመው ያስተርጉሙ።

ከሚቀሩት አንዷ ከሆኑ ደግሞ የወጡ ባልደረቦችዎ ሥራ በእርስዎ ላይ መጨመሩ አይቀርም። አዲሱን የሥራ ዝርዝር በጽሑፍ ይቀበሉ፤ የኅብረት ስምምነታችሁ ስለ ተጨማሪ ኃላፊነትና ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ስለ መዛወር ምን እንደሚል ማኅበሩን ይጠይቁ።

የባለቤትዎ ጉዳይ ለየት ይላል። የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ነው፤ አዋጅ 1156 አይመለከተውም፤ ክርክሩም የሚታየው በመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያም በመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት ነው። እንደ እርስዎ በራሱ ፈቃድ ለቆ ስንብት አገኛለሁ ብሎ እንዳያስብ። የጡረታ ሕጉ ግን ለሁለታችሁም አንድ ነው፤ የእሱንም አገልግሎት አብራችሁ አስቆጥሩ።