ኮምፒውተር በየአገሩ ትምህርት ቤት፦ ቆጥሮ ማወዳደር ይበቃል?

አይበቃም። የየአገሩን ትምህርት ቤት ኮምፒውተር የሚያወዳድር ጽሑፍ ስትጽፍ፣ ለአንድ ተማሪ ስንት ኮምፒውተር እንደሚደርስ ብቻ ቆጥረህ አገሮቹን በደረጃ ከደረደርክ፣ ጽሑፍህ ስለ ግዢ እንጂ ስለ ትምህርት አይሆንም።

ፔሩንና ኡራጓይን ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። ሁለቱም ለልጆች የተሠራውን ያንኑ ትንሽ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፕ አደሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ የኢንተር አሜሪካ ልማት ባንክ ጥናት የፔሩ የገጠር ተማሪዎች በሒሳብም በቋንቋም ውጤታቸው አልተሻሻለም። በጥናቱ የታዩት ትምህርት ቤቶች ኢንተርኔት አልነበራቸውም ማለት ይቻላል። ኡራጓይ እ.ኤ.አ. በ2007 ላፕቶፕ ማደል ስትጀምር ግን ትምህርት ቤቶቹን ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘትን ከዕቅዱ ጋር አያይዛ ነው። በኋላም እንግሊዝኛ የሚችል መምህር በሌለበት ክፍል፣ ከሩቅ ያለ መምህር በቪዲዮ እንዲያስተምር አደረገች። እዚያም ቢሆን ላፕቶፕ መታደሉ ብቻውን ፈተና ላይ ለውጥ አላመጣም፤ ይህን እንዳትዘለው።

ሦስተኛ አገር ከፈለግክ ኢስቶኒያን ጨምር። እ.ኤ.አ. በ1996 በጀመረችው ፕሮግራም ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔትና የመምህራን ሥልጠና አብረው ሄዱ።

ስለዚህ ለየአገሩ እነዚህን ጠይቅ፦
1. የኢንተርኔት መስመሩ በእርግጥ ይሠራል?
2. መምህሩ ሠልጥኗል?
3. ልጁ በማሽኑ ምን ይሠራበታል? ዋናው ይሄ ነው፤ ሰፋ አድርገህ ጻፈው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። እኔ አንዴ ከሪፖርት ላይ ቁጥር ገልብጬ ጉድ ሆኛለሁ። ለካ የተበላሹትም፣ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ቢሮ ያለውም አብረው ተቆጥረዋል። ቁጥሩን ከመውሰድህ በፊት ምን እንደተቆጠረ የሚገልጸውን የግርጌ ማስታወሻ አንብብ።